የገባዖን ዳቦ

ትናንት እማዬ የዳቦ መሶቡን ስትከፍት ከታች የተረሳ ቁራሽ አገኘች። ዝናቡ ሰሞኑን ስላላባራ ቁራሹ አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። ሽታው ቤቱን ሞላው። ወንድሜ አፍንጫውን ይዞ ወደ ደጅ ሮጠ። እማዬ "ኤዲያ!" ብላ ልትወረውረው ስትል ከእጇ ቀማኋትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

"ምነው ትርንጎ፣ ጤና የለሽም?" አለች።

ጤናማ ነኝ። ሳቄ ነው የመጣው። ሌላው ሰው ክረምትን በእሸት ወይም በአደይ አበባ ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው በሻጋታ ነው። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ልቤ አብጧል፤ እንግዲያውስ ይህንንም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና ውዴ ወደ እማሆይ እንላክ ነበር። ውዴ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው የአያ መኮንን ልጅ ናት። እማዬ እኔን ወልዳ በታመመች ጊዜ የውዴ እናት እትየ ጥሩ ናቸው ያጠቡኝ። የሁለታችን ግቢ የሚለየው በድንጋይ ካብ ሲሆን በካቡ መሀል አንዲት ትንሽ በር ነበረች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንመላለስባት የሚያውቀው የበሯ ማጠፊያ ብቻ ነው።

እማሆይ የአባዬ አክስት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ባለች የጭቃ ጎጆ ይኖራሉ። ሥራቸው ለቁርባን የሚሆነውን ስንዴ መልቀም ነበር። "የእኔ ዓይን ደክሟል፣ የልጅ ዓይን አምጡልኝ" ስላሉ ሁለታችንን ሰጧቸው። ጎጆዋ ውስጥ የሚሸተው የስንዴ አቧራና የራሰ ግድግዳ ነው። ሰፌድ ጭናችን ላይ አድርገን፣ ትንፋሻችን ስንዴውን እንዳይነካው አፋችንን በነጠላ ጫፍ ሸፍነን እንለቅማለን። እኛ ማውራት ስለማንችል እማሆይ ብቻቸውን ያወራሉ። የሚያወሩትም፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ጦርነት ነው!

እኔ መነኩሲት ስለ ጾምና ስለ መላእክት ብቻ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። እማሆይ ግን የእስራኤልን ዘመቻ አንድ በአንድ ያውቁታል። የተለቀመውን ስንዴ በአንድ በኩል ከምረው እስራኤል ይሉታል፤ እንክርዳዱና ጠጠሩ ጠላት ነው። ጣታቸው እየሄደ ከተማ ይከብባል፣ ወንዝ ይሻገራል። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን የቅጥሩን መውደቅ ስንጠብቅ እሳቸው ድንገት ያቆሙና፣ "እህ፣ ከሰይፉ በፊት ማን ተናገረ?" ብለው ይጠይቁናል።

አፋችን ስለተሸፈነ ትከሻችንን እንነቀንቃለን።

"ከተማ ልትወጊ ስትሄጂ መጀመሪያ ደጁ ላይ ቆመሽ በሰላም ትጣሪያለሽ። ሕጉ እንዲህ ነው። ሰው ግን ይህን አልፎ ቅጥሩ ሲፈርስ ማየት ነው የሚወድ።"

እኔም ቅጥሩ ሲፈርስ ነበር የምወደው። ኢያሪኮ የምትባለው የፋሲል ግቢ ትመስለኝ ስለነበር ባጠገቡ ባለፍሁ ቁጥር የፈረሰውን ጎን አይቼ "አይ ኢያሱ!" እላለሁ። እስራኤልም ሩቅ አልነበረችም። ከወለቃ ማሰሮ ይዘው የሚመጡ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ሳይመጡ ቀሩ። እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለእትየ ጥሩ "እስራኤል ለመግባት በሳንጃ አድርገው በእግራቸው ወጡ አሉ" ስትል ሰማሁ። ስለዚህ እስራኤል ከሳንጃ ማዶ ያለች፣ ሰሊጥ የሚበቅልባት ቆላ ናት ብዬ ደመደምሁ። የጨነቀኝ የሴትዮዋ ነገር ነው። ኢያሱ እዚያ ሲዋጋ ማሰሮዋቸውን የት ያስቀምጡታል? ይህን እማሆይን ብጠይቃቸው ነጠላቸው ከአፋቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ትንፋሻቸው ስለነካው ያንን ሁሉ ስንዴ ለዶሮ ሰጥተን እንደገና ጀመርን።

ጠቡ የመጣው በጣራ አሸንዳ ነው።

አያ መኮንን በዚያ ክረምት ጣራቸውን አዲስ ቆርቆሮ አለበሱት፤ የአሸንዳው አፍ ወደ እኛ ዞረ። ግድግዳችን ጭቃ ስለሆነ ከሥሩ ይላጥ ጀመር። አባዬ ነገራቸው፤ "ነገ" አሉት። ነገም ነገ ሆነ። አባዬ አንድ እሑድ ተነሥቶ ቦይ ቆፈረና ውኃውን በትንሿ በር ሥር አሳልፎ ወደ መጣበት መለሰው። ውኃው አያ መኮንን ለእንቁጣጣሽ ሊሰፉት የተቀበሉትን የሰው ጨርቅ አገኘው።

"ታደሰ! የሰው ጨርቅ እኮ ነው ያበሰበስኸው!"

"የእኔስ ግድግዳ የማን ነው?"

"ሆስፒታል ሽንት ስትመረምር እየዋልህ ልብህም ሽንት ሆነ!"

"አንተስ የሰው ሱሪ ስትለካ ኖረህ ሐሳብህ ከጉልበት በላይ መች ወጣ!"

እኔና ውዴ ቀልድ መስሎን ሳቅን። ሁለቱ ዱሮም እንዲህ ይሳደቡ ነበርና። ግን አያ መኮንን የተረፈ ቆርቆሮ አምጥተው ትንሿን በር መቸንከር ሲጀምሩ ውዴ ከዚያ ወዲያ ቀረች፣ እኔ ከዚህ። መዶሻው በመታ ቁጥር የእሷ ዓይን በቀረው ክፍተት ይታየኝ ነበር፤ ከዚያ አልታየኝም።

ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። ፍርድ ሸንጎው "ጓዶች፣ ክረምቱ ሲወጣ ቦታው ይታያል" ብሎ ቀጠራቸው። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ "ክረምቱ ከወጣማ ውኃውን ከየት አምጥተው ሊያዩት ነው?" አለች።

ከሁሉ የከፋው ማኅበሩ ነው። አባዬና አያ መኮንን የሚካኤል ማኅበርተኞች ናቸው፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ተሰብስበው ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። አያ መኮንን ቀሩ። ሽማግሌ ቢላክባቸው፣ "እኔ ከእንቁጣጣሽ በኋላ የስፌት ማኪናዬን ጭኜ ማክሰኝት ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ፤ ለምን ትደክማላችሁ" አሉ።

ይህን የነገረችኝ ውዴ ናት። አባዬ ከእሷ ጋር እንዳልታይ ቢከለክለኝም እማሆይ "እኔ ዘንድ የሚመጣ ልጅ የማንም ጎረቤት አይደለም" ብለው ስላስቀሩን በየፊናችን እየሄድን እዚያ እንገናኝ ነበር። እማሆይ ውኃ ሊጠጡ ዞር ሲሉ ውዴ ነጠላዋን ከአፏ ገለጠችና፣

"ማክሰኝት ትልቅ ገበያ አለ አሉ፤ በሬም በግም አለ" አለችኝ።

"እና ሸጋ ነዋ!"

"አንቺ የለሽማ።"

ከዚያ በኋላ ስንዴውና ጠጠሩ አልለይ አለኝ።

እማሆይ ያን ቀን የነገሩን የአቢግያን ነው። ዳዊት ተሰድቦ፣ ሰይፉን ታጥቆ፣ የሰዳቢውን ቤት ሊያጠፋ ሲገሰግስ የሰውዬው ሚስት ለባሏ ሳትነግር ዳቦና ወይን በአህያ ጭና መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች። ከአህያዋ ወርዳ ጥፋቱ በእኔ ይሁን ትለዋለች። ዳዊትም ይመለሳል። "ጦር ያልመለሰውን አንዲት ሴት በዳቦ መለሰችው" አሉ እማሆይ።

የቡሄ ሰሞን ስለነበር ቤታችን ዳቦ ሞልቷል። አህያ አልነበረኝም። አንድ ትልቅ ቁራሽ በነጠላዬ ደብቄ በዋናው መንገድ ዞሬ አያ መኮንን ዘንድ ገባሁ። ማኪናቸው ላይ ነበሩ። ጉልበታቸው ሥር ተንበረከክሁና፣

"የአባዬ ጥፋት በእኔ ላይ ይሁን!" አልሁ።

ማኪናው ቆመ። "ማን ላከሽ?"

"ማንም። በራሴ ነኝ።"

ከጺማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። "ዳቦሽን ያዢ፣ ልጄ። ታደሰ ሲልከው ያኔ እበላለሁ" አሉኝ።

ዳዊት እንዲህ አላለም! ደንግጬ ዳቦውን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ሮጥሁ። አያ መኮንን ውዴን "መልሺላቸው" አሏት። በየት በኩል ትመልሰው? በሩ ተቸንክሯል። እሷም የጨርቅ ቅዳጅ በሞላበት ጆንያ ውስጥ ሸጎጠችው፤ እዚያም ተረሳ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እማሆይ ወደ ገባዖን ሰዎች ደረሱ። ኢያሱ ከተማውን ሁሉ እየያዘ ሲመጣ ገባዖኖች ፈሩ። መዋጋት አልቻሉም። ያረጀ ጫማ ተጫሙ፣ ቡትቶ ለበሱ፣ የደረቀና የሻገተ ዳቦ ያዙ፤ እዚያው ቅርብ የሚኖሩት ሰዎች "ከሩቅ አገር ነን፣ ስንነሣ ይህ ዳቦ ትኩስ ነበር" ብለው ከኢያሱ ጋር ቃል ኪዳን አደረጉ። ኢያሱም ማለላቸው።

ከሰፌዴ ቀና ስል ከውዴ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነበር። ዓይኗ ግን "ዳቦው!" እያለ ይጮኽ ነበር።

በጎንደር ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ ቁራሽ የሚለምን የቤተ ክህነት ተማሪ ብርቅ አይደለም። አባዬ ደግሞ ሆስፒታል ነጭ ካፖርት ከመልበሱ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትም ከመግባቱ በፊት፣ በልጅነቱ እንዲሁ ደበሎ ለብሶ የለመነ ሰው ነው። ለማንም "አይ" ቢል ለተማሪ አይልም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ደበሎው፣ የሱፍ ቆቡና አሮጌው በረባሶ የተገኘው ከእነ ውዴ ቤት ነው። አኮፋዳውን ከእማሆይ ደጅ ተዋስን፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁንም።

አመሻሹ ላይ እያካፋ ነበር።

"በእንተ ስማ ለማርያም!" አለ ከዋናው በር ጎርነን ያለ ድምፅ። እኔ ከውስጥ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

አባዬ ራሱ ኩራዙን ይዞ ወጣ። "ከየት ነህ፣ ልጄ?"

"ከሩቅ አገር።"

"ከየትኛው ሩቅ?"

ይህን አልተዘጋጀንበትም! "ከ... ከእንፍራንዝ" አለች።

"እንፍራንዝ ሩቅ ሆኖ ነው?"

"ለእግሬ ሩቅ ነው።"

አባዬ ሳቀ። ውዴ እጇን ከደበሎው አውጥታ ዳቦውን አሳየችው። "ስነሣ ትኩስ ነበር። ይኸው ሻገተ።"

አባዬ ሳቁን አቆመ። ኩራዙን ዝቅ አድርጎ ቁራሹን አየው። "እኔም በልቼዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። እንዲህ ያለ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

"በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ጌታዬ!"

"ምነው? ምን ልስጥህ?"

"ወደዚህ ቤት ስመጣ በር አይዘጋብኝ። በእኔም፣ በወገኔም።"

"ሚካኤልን! እኔ በሕይወት ሳለሁ በአንተም በወገንህም በር አይዘጋም። በል ግባ፣ ይህን ጣለውና ትኩስ ብላ።" ዳቦውን ከእጇ ተቀበላት። ከዚያ ሊጥለው ሲል ገለበጠው።

የእማዬ ዳቦ መጋገሪያ ድስት አንድ ጎኑ ተጨርምቷል። ድስቱ ውስጥ የገባ ዳቦ ሁሉ ጎኑ ላይ ጉድጓድ ይዞ ይወጣል። አባዬ ጉድጓዱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ኩራዙን ከፍ አደረገ። የሱፍ ቆቡን ከተማሪው ራስ ላይ ሲያነሣ ሹሩባ ወረደ።

"የመኮንን ልጅ!"

ውዴ ደበሎዋ ውስጥ ተሸበለለች። እኔ ሮጬ ወጥቼ ከፊቷ ቆምሁ።

"አባዬ፣ ምለሃል!"

"ለተማሪ ነው የማልሁት!"

"ኢያሱም ለሩቅ ሰዎች መስሎት ነው የማለው!"

"ደግሞ ኢያሱ የሚባለው የትኛው ጎረምሳ ነው?"

በማግስቱ ማለዳ ሁለታችንንም እየነዳ እማሆይ ዘንድ ወሰደን። "አያዩልኝም፣ እማሆይ! እርስዎ ያስተማሩዋቸውን!" አለ።

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አላቆሙም። "ማልህ?"

"ማልሁ፣ ግን..."

"በማን?"

"በሚካኤል። ግን እኮ አታለውኝ ነው!"

"ኢያሱንም አታለውታል። ዳቦውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቀም። ሲያውቅ ተቆጣ፤ ሕዝቡም አጉረመረመበት። ቃሉን ግን አላጠፈም። የተታለለው እሱ ነው፤ የተጠራው ግን የእግዚአብሔር ስም ነው። አንተስ የማንን ስም ጠራህ፣ ታደሰ?"

አባዬ መሬት መሬት አየ። ቁጣው እንደ ውኃ ከላዩ ሲወርድ አየሁት። "ታዲያ ያለ ቅጣት ሊቀሩ ነው?" አለ በመጨረሻ፤ አሁን ድምፁ የልጅ ነበር።

"ገባዖኖችማ ተቀጥተዋል! ለእግዚአብሔር ቤት እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ ሆኑ። እነዚህም እስከ መስቀል ድረስ ከምንጩ ለቤተ ክርስቲያኑ ውኃ ይቅዱ።" ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። "ሁለታችሁም። አብራችሁ። በየቀኑ።"

አፋቸው ላይ ነጠላ ስላልነበረ የከንፈራቸውን ጫፍ አየሁት። አባዬ እንዳያየው መቁጠሪያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ቤት እንደ ደረስን አባዬ በጉጠት ቆርቆሮውን ነቀለ፤ የበሩንም መዝጊያ ከማጠፊያው አውልቆ ካቡ ላይ አስደገፈው። አያ መኮንን ከወዲያ ብቅ አሉ።

"ማን ፈቀደልህ?"

"ሚካኤል። ለልጅህ ምያለሁ። ለአንተ አይደለም።"

አያ መኮንን ዞረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ግን አልቸነከሩትም። ዕቃቸውን ማሰራቸውንም አልተዉም፤ ከውዴ ጋር እንስራ ተሸክመን ስንመለስ በየቀኑ አንድ ነገር ከግድግዳቸው ወርዶ ሣጥን ሲገባ እናይ ነበር። ሸክሙ ይከብደናል፣ ልብሳችን ይርሳል፣ እንስቃለን፤ የታሰረውን ዕቃ ስናይ ደግሞ ሣጥኖቹን እንቆጥራለን።

ጳጉሜ ላይ፣ ቀትር ሊሆን ሲል ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። እንዲህ ያለ በረዶ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንዳችን የሌላችንን ድምፅ መስማት አልቻልንም። አሸንዳው በበረዶ ተደፈነና ውኃው በእነ ውዴ በኩል ገነፈለ። ያኔ መዝጊያ በሌለው በር ውዴ ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ላይ በረዶ ተሰክቷል።

"አያ ታደሰ! ምለውልኛል! ቤቱ ሞላ፣ አባዬ ብቻውን ነው!"

እማዬ "አትውጣ፣ በረዶው ይፈነክትሃል!" አለች። አባዬ ውዴን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ራሱ ላይ ደፍቶ አካፋውን ይዞ ወጣ። በረዶው ሳፋውን ሲደበድብ የነበረው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የቀረውን ታሪክ እማሆይ ነግረውን ስለነበር ቀጥሎ የሚሆነውን አውቅ ነበር። ገባዖኖች ከመሐላው በኋላ ጠላት ሲከብባቸው ኢያሱን ላኩበት፤ እሱም ያታለሉትን ሰዎች ሊያድን ወጣ፤ በጠላቶቻቸውም ላይ ከሰማይ በረዶ ወረደ። እየዘለልሁ "በረዶው የእኛ ወገን ነው!" ብዬ ለውዴ ጮኽሁላት።

ውስጥ አያ መኮንን በውኃ ውስጥ ቆመው የስፌት ማኪናቸውን እንደ ሕፃን አቅፈዋል፤ ማስቀመጫ አጥተዋል። አባዬን ከነሳፋው ሲያዩት አፋቸውን ከፈቱ። አባዬ አንዱን ጎን ያዘላቸው። አልጋው ላይ አወጡት። ከዚያ ወጥተው በካቡ ሥር፣ በሁለቱ ቤቶች መሀል፣ ወደ መንገዱ የሚወርድ አንድ ቦይ ይቆፍሩ ጀመር።

"አሸንዳውን እኔ ላዙረው፣ አንተ ቦዩን ያዝ" አሉ አያ መኮንን።

"ይህን በሐምሌ ብትለኝ ኖሮ!"

"አንተስ ሳትቆፍር በፊት ብትጠይቀኝ ኖሮ!"

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ቆፈሩ።

"ሽንት መርማሪ!" አሉ አያ መኮንን።

"ሱሪ ለኪ!"

እንደ ዱሮው ነበር። እትየ ጥሩ ደጃፉ ላይ ቆመው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በረዶው የእኛ ወገን እንደነበር ለእማሆይ ስነግራቸው፣ "በእናንተስ ጣራ ላይ አልወረደም?" አሉኝ። ወርዷል፤ የእኛም ጎመን ረግፏል። "እንግዲያ የማንም ወገን አይደለም። ወገን የሆነው የወጣው ሰው ነው።"

የመስከረም ሚካኤል ዕለት የማኅበሩ ተራ የአባዬ ነበር። እንግዶቹ ተቀምጠው፣ ጽዋው ተሸፍኖ፣ አባዬ ግን ወደ ትንሿ በር እያየ አላስጀምር አለ። አያ መኮንን በዚያች በር ጎንበስ ብለው ገቡ። እጃቸው ላይ ትኩስ ዳቦ ነበር።

"ይኸው፣ ታደሰ። ዛሬ የተጋገረ ነው፤ ካላመንህ አገላብጠህ እየው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ከአንድ ጽዋ ጠጡ። ሣጥኖቹም አንድ በአንድ ተፈቱ፤ ማክሰኝት ያለው ወንድማቸው ለመስቀል ራሱ መጣ፣ በግ ይዞ።

እማሆይ ዛሬ ዓይናቸው ጭራሽ ደክሟል፤ ይህን ስጨርስ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። እኔ በቃልና በሰላም የማምነው እሳቸው ከጠጠር መሀል ለቅመው ስለሰጡኝ ነው። የበሩም መዝጊያ እስከ ዛሬ ካቡ ላይ እንደተደገፈ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እማዬ "ዶፉ ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ይገባል፣ ምናለ ብትገጥመው" ትለዋለች። አባዬ መልሱ አንድ ነው፦ "ምያለሁ።"

ትናንትም የሻገተውን ቁራሽ ይዤ ስስቅ ውዴ በዚያችው በር ገባች፤ ከእነ ዝናቧ። ገና ከደጃፉ ሽታው ደረሳት። ዳቦውን ከእጄ ወሰደችና ገልብጣ በአውራ ጣቷ ጎኑን ዳሰሰች፤ ጉድጓዱን አገኘችው።

"የእኛው ነው" አለች።